አውግስጢኖስ በሁለቱም ወገን

«ልሳንና ፈውስን የመሳሰሉ ስጦታዎች ከሐዋርያት ጋር አብቅተዋል» የሚሉና «ዛሬም አሉ» የሚሉ ክርስቲያኖች ሲሟገቱ፣ ሁለቱም የሚጠሩት አንድ ምስክር አለ፤ የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ።

እ.ኤ.አ. በ390 ገደማ፣ ገና ቅስና ሳይቀበል፣ «ስለ እውነተኛው ሃይማኖት» በተሰኘ መጽሐፉ ቤተ ክርስቲያን በዓለም ሁሉ ስለተተከለች የጥንቱ ተአምራት እስከ እሱ ዘመን እንዲዘልቁ አልተፈቀደም ሲል ጻፈ። ሰው የሚታየውን ብቻ እንዳይሻ፣ ሲለምደውም ልቡ እንዳይቀዘቅዝ ነው ምክንያቱ። የሚገርመው፣ በ386 ሚላን ሳለ አንድ ዓይነ ስውር በሰማዕታት ዐፅም መዳኑን ያውቅ ነበር። እያወቀ ጻፈው።

ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዐፅም ሂፖ ገባ፤ የዛሬዋ የአልጄሪያ አናባ ናት። የተፈወሱ ሰዎች የሆነላቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ፣ ጽሑፉም በምእመናን ፊት እንዲነበብ አደረገ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ 70 የሚጠጋ ምስክርነት ተሰበሰበ። ተአምረ ማርያም ሲነበብ እየሰማ ላደገ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ከሁሉም የጳውሎስና የጳላድያ ጉዳይ ይደንቃል። የቀጰዶቅያ ቂሳርያ ሰዎች ናቸው፤ እናታቸው ከረገመቻቸው 10 ልጆች ሁለቱ፤ ሰውነታቸው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ወንድምየው በትንሣኤ ዕለት ዳነ። በሦስተኛው ቀን ጽሑፉ ሲነበብ አውግስጢኖስ ሁለቱን በሕዝቡ ፊት ጎን ለጎን አቆማቸው፤ እሱ ቀጥ ብሎ፣ እሷ እየተንቀጠቀጠች። ስብከቱን ሳይጨርስ ከሰማዕቱ መታሰቢያ በኩል ጩኸት ተሰማ። እህትየውም ድናለች። ታሪኩ «የእግዚአብሔር ከተማ» 22ኛ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

በስተርጅናው መጻሕፍቱን ሲያርም የቀድሞ ቃሉን ጨርሶ አልሻረም። እጅ የተጫነበት ሁሉ ዛሬ በልሳን አይናገርም፣ በሰባኪ ጥላም በሽተኛ አይድንም፤ ተአምር ፈጽሞ ቀርቷል ማለቴ ግን አይደለም አለ።

በ1906 ሎስ አንጀለስ አዙሳ ጎዳና ላይ የቀድሞ ባሮች ልጅ የሆነው ዊልያም ሲሞር የመራው፣ በልሳን የተነገረበት ጉባኤ ክርክሩን እንደገና አቀጣጠለው። በ1918 የፕሪንስተኑ ቤንጃሚን ዋርፊልድ «ሐሰተኛ ተአምራት» በሚለው መጽሐፉ ከሐዋርያት በኋላ የተነገሩት የተአምር ታሪኮች በአብዛኛው ከአረማዊ ተረት የሰረጉ ናቸው ሲል ጻፈ። እንደ እኔ፣ ዋርፊልድ ጳላድያን ቸኩሎ አልፏታል፤ የአዙሳ ወራሾችም አውግስጢኖስ ስለ ልሳን ያለውን መስማት አይወዱም።

ዛሬ በቴሌቪዥን ፈውስ የሚያውጁ አገልጋዮቻችንም የዳነውን ሰው ታሪክ በስሙ አጽፈው፣ በሚያውቁት ጎረቤቶቹ ፊት ያስነብቡ።