የጣና ደሴቶች ስንት ናቸው?

የጣናን ስም ከትምህርት ቤት ጀምረን የምናውቀው ስለሆነ፥ በደሴቶቹ ቍጥር ክርክር ይኖራል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ከሰፈራችን ከሰባተኛ ተነሥተን፥ ከመርካቶ በገዛነው የሸራ ሻንጣ ስንቃችንን አዝለን፥ በእግርና በጀልባ ልንጐበኘው ስንዘጋጅ ያገላበጥናቸው መጻሕፍት እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ አገኘናቸው።

ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ካህን ማኑኤል ዴ አልሜይዳ በ17ኛው መቶ ዓመት 21 ናቸው አለ፤ ገዳም ያለባቸው ሰባት ወይም ስምንት ብቻ እንደ ሆኑ፥ እነርሱም ከቀድሞው እንደ ተዳከሙ ጻፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፥ ያገሩ ሰዎች ሰው የሚኖርባቸው 45 ናቸው ቢሉት አላመነም፤ 11 ቢሆኑ ነው አለ። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ አንድ የጂኦግራፊ ሊቅ 37 ቈጥሮ፥ 19ኙ ገዳም ያለባቸው ወይም የነበረባቸው መሆናቸውን ገለጸ። ብሩስ የባላገሩን ቃል ለመጣል የቸኰለ ይመስለናል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በወይና ደጋ የተኛ፥ በስፋቱ ከሀገራችን ሐይቆች የሚበልጥ ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። ከዚህም የተነሣ ክረምት አልፎ ውሃው ሲሞላ ተቈርጦ የሚቀረው ዝቅተኛ መሬት፥ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ይገናኛል። በመስከረም የቈጠረና በግንቦት የቈጠረ ባይስማሙ አያስደንቅም።

ከባሕር ዳር ተነሥተን የዘጌን የቡና ጫካ በእግራችን አቋርጠን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። ቡናው አቡነ በትረ ማርያም ከተከሉት በትር እንደ በቀለ በዚያ ይተረካል። ከወደቡ ላይ ደንገል ታንኳውን የሚያደርቅ አንድ ሽማግሌ አግኝተን፥ «አባታችን፥ ደሴቶቹ ስንት ናቸው?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጆቼ፥ ታቦት ያለበትን ነው ወይስ ድንጋዩን ሁሉ?» አሉን። እኛም ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያነሣ አላገኘንም ነበር። አልሜይዳ የቈጠረውና ብሩስ የቈጠረው አንድ ነገር እንዳልነበረ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በጀልባ ወደ ደቅና ወደ ዳጋ ተሻገርን። ደቅ ሰፊ ነው፤ እርሻ አለው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም እዚያው ናት። ዳጋ ግን ገደል ብቻ ይመስላል። ሆኖም በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ የዐፄ ፋሲልም ዐፅም በአንድነት ተጠብቆ ይገኛል። ዐፄ ፋሲል አልሜይዳንና ባልንጀሮቹን ከሀገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። ያ ካህን ሃያ አንድ ብሎ ከመዘገባቸው ደሴቶች በአንዱ አስወጪው ማረፋቸውን ልብ ይሏል።

ስንመለስ ክብራን ገብርኤልንና እንጦስ ኢየሱስን አየን። ከመካከላችን አንዲት እኅት ነበረች፤ ዳጋና ክብራን ለሴት ስለማይፈቀዱ በሁለቱም ወደብ ከጀልባው ሳትወርድ ጠበቀችን። ባሕር ዳር ገብተን የረገጥናቸውን ስንቈጥር እኛ አራት አልን፤ እርስዋ ሁለት አለች።