ሁለቱ ዜሮዎች፤ ከይፋግ ሲራራ እስከ ወረታ ባጃጅ

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ከፎገራ ገጠር ቀበሌዎች ካንዱ ተነስቶ ወረታ ድረስ በእግሩ እየመጣ የሚማር ልጅ በጉዞው በዓመት ስንት ኪሎ ካርቦን ወደ ሰማይ ይልካል? ዜሮ! (እስትንፋሱን አንቆጥርበትም።) ታዲያ ይህን ልጅ "የጉዞህን ልቀት ለካ፣ ቀንስ" ማለት ምን የሚሉት ቀልድ ነው? እኛም መጀመሪያ ስቀናል። የፎገራን የመንገድ ታሪክ ስናገላብጥ ግን ሳቃችን ቀስ በቀስ ጠፋ።

ፎገራ ዛሬ በሩዙ ይታወቅ እንጂ ድሮ መተላለፊያ ነበር። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያቋርጡት ይህ ሜዳ ጎንደርንና ጎጃምን ያገናኛል። በርብ ላይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ተሠርቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከሜዳው በስተሰሜን ያለው ይፋግ የሲራራ ነጋዴ የሚርመሰመስበት ትልቅ ገበያ ነበር። አሞሌውም ቡናውም በበቅሎና በአህያ ጀርባ፣ በሐይቁ ላይ ደግሞ በታንኳ ይጓጓዛል። "ነዳጁ" ሣርና ገብስ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ ነጋዴው ውኃው እስኪጎድል ቁጭ ይላል። ንጹሕ ጉዞ ነበር ለማለት ይቃጣናል፤ ሒሳቡ ግን በእግርና በዕድሜ ይከፈል ነበር።

ከሜዳው ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ሲወጡ ደብረ ታቦር ይገኛል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ያንን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሱ። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ሄዱ። መድፉን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎተቱት። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ይህም በካርቦን መዝገብ ዜሮ ነው! መዝገቡ ላብ አይመዘግብማ።

ከዚያ ሞተር መጣ። ዐፄ ኃይለሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ፣ ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ቻይናውያን ሠሩት። ያለቀው በደርግ ዘመን ነው። ቴዎድሮስን ወራት የፈጀባቸው አቅጣጫ የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ። ወረታም የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የወልድያ መንገዶች መጋጠሚያ ሆነች። አውቶቡሱ፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ በመጨረሻም ባጃጁ ተከታትለው ገቡ። ዜሮውም እዚያ ላይ አበቃ።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። (ኪሎ የማይሞላ ነዳጅ እንዴት ይህን ያህል ጋዝ ይወልዳል ካላችሁ፣ ካርቦኑ ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚደርብ ነው።) እንበልና ከወረታ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ 6 ሊትር ናፍጣ ፈጀ። 16 ኪሎ ገደማ ለቀቀ ማለት ነው። 12 ሰው ከጫነ ለእያንዳንዱ 1.35 ኪሎ ይደርሰዋል፤ 4 ሰው ብቻ ከሆኑ ግን ለእያንዳንዳቸው 4 ኪሎ። ስለዚህ ተማሪው ደብተሩን በአራት መስመር ይክፈል፤ ከየት ወዴት? በምን? ስንት ሊትር? ስንት ሰው ሆነን? አንድ ሳምንት ቢጽፍ ለአሥር ደቂቃ መንገድ ብቻውን ባጃጅ ኮንትራት የያዘበት ቀን ራሱ ይናገራል።

እኛ ግን አምስተኛ መስመር እንጨምርበት እንላለን፤ "ሌላ ምርጫ ነበረኝ ወይ?" የሚል። ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ዜሮ አለ። ባጃጅ እያለ በእግር ወይም በብስክሌት የሄደ ሰው ዜሮ የምርጫ ነው፤ ይበል ያሰኛል። ወረታ ቤት ተከራይታ የምትማረው የገጠር ልጅ ስንቅ ለማምጣት ቅዳሜን በእግሯ ስታዘግም የሚመዘገበው ዜሮ ግን የእጦት ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ ሜዳውን ሲውጠው፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተቀጣጠለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ልቀት ቀንሶ ይሆናል። ለዚህ የሚያጨበጭብ ካለ ጤንነቱን እንጠራጠራለን። ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅ የሚለቀው በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ የዓለም አማካይ 4.7 ቶን ገደማ ይደርሳል። የደብተሩ ዓላማ እንግዲህ እግረኛውን መውቀስ አይደለም። የምርጫውን ዜሮ እንዲያበዛ፣ የእጦቱን ደግሞ ቆጥሮ "አውቶቡስ ይገባናል" እንዲል ማስቻል ነው።

አውቶቡሱስ በምን ይሂድ? መልሱ ከዚያው ከሜዳው ይወርዳል። የርብና የጉማራ ውኃ ጣና ይገባል፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና ውኃ በዋሻ ወደ በለስ እየተላከ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ ያሽከረክራል። ያ የይፋግን ነጋዴ ክረምት ሙሉ ያስቀምጠው የነበረ ውኃ ዛሬ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ያችን ባለ ስንቅ ልጅ በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ቢያደርሳት፣ ደብተሯ ላይ የሚጻፈው ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ያን ጊዜ የምር ደስ ይለናል።