ካዱ፣ ጭሰኛውና የካቲት 25

በ1960 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ»፣ የታሰበው ለደሃው ገበሬ ነበር። አሰላ ላይ ተቀምጦ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያከፋፍላል፤ መንገድ ያወጣል፤ ከብት ያዳቅላል። ምርቱም አደገ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስንዴው ሲያዋጣ ባለርስቱ መሬቱን በሌላ ዓይን ያይ ጀመር። ሲሶ ይገብር የነበረውን ጭሰኛ «እኩል አምጣ» አለው፤ ሌላው ደግሞ ጭሰኛውን ከነጭራሹ አስነሥቶ በትራክተር አረሰ። ትራክተሩ የሚገባው ከቀረጥ ነጻ ስለነበር፣ መንግሥት ጭሰኛውንም አፈናቃዩንም በአንድ ጊዜ ይረዳ ነበር ማለት ነው። ካዱ በበኩሉ ብድር ፈላጊው ጭሰኛ የተፈረመ የኪራይ ውል እንዲያመጣ ጠየቀ። ሐሳቡ ለጭሰኛው ዋስትና ለመስጠት ነበር። ፈራሚው ግን ባለርስቱ ነው፤ እሱ እምቢ ካለ ውልም ብድርም የለም።

ስዊድኖች ይህን ስላሰቡበት በእርዳታ ስምምነቱ የመሬት ይዞታ እንዲሻሻል ከመንግሥት ቃል ተቀብለው ነበር። አዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴርን አቋቁማለች። የባለርስትና የጭሰኛ ረቂቅ ሕግም ፓርላማ ገብቷል፤ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት በዚሁ ጉዳይ ነው። ሆኖም ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ባለርስቶች ነበሩ። ረቂቁ ሲንከባለል ዘውዱ ቀድሞ ወደቀ።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ውሉን ማሻሻል ትቶ ጭሰኝነትን ራሱን ሻረ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር፣ በድሮው ልክ ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥ፣ ማከራየትና በዋስትና ማስያዝን ከለከለ። ጭሰኛው የባለርስቱን ጥማድ በሬ በካሣ እንዲያስቀር እንኳ ታስቦለታል። የገበሬ ማኅበራቱን፣ እያንዳንዱን ቢያንስ በ800 ሄክታር ላይ፣ በማደራጀቱ ሥራ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ተሰማሩ።

ጭሰኛው ከባለርስቱ ነጻ መውጣቱ አያከራክርም። እነዚያው ማኅበራት ግን ቆይተው የእህል ኮታ ሰብሳቢ ሆኑ፤ ገበሬው ምርቱን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያው ባነሰ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቀረ። መሬት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ድንጋጌ ግን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ውስጥ ዛሬም ይሠራል።