የውጭ ኩባንያዎችና የአገር ውስጥ አቅራቢዎች ትስስር፦ ከኮምቦልቻ እስከ ሀብሩ

የልማት ኢኮኖሚ ምሁሩ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ «የኋሊዮሽ ትስስር» ያለው፣ አንድ ፋብሪካ ግብዓቱን ከአገር ውስጥ ሲገዛ ሌሎች አምራቾች እንዲነሡ የሚፈጥረውን ግፊት ነው። የግፊቱ መጠን የሚወሰነው ፋብሪካው ለገበሬው ባለው ቅርበት ሳይሆን በሚፈልገው ግብዓት ዓይነትና ያንኑ ግብዓት ከውጭ ማስገባት በሚያስከፍለው ዋጋ መሆኑን የወሎ ተሞክሮ ያመለክታል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የታሰበው በተለይ ለውጭ ገበያ ልብስ ለሚያመርቱ ድርጅቶች ነው። በዚህ ዘርፍ ጨርቁንና ቁልፉን የሚያቀርበውን ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የባሕር ማዶው ገዢ ሲሆን፣ ግብዓቱም ያለ ቀረጥ ስለሚገባ የአካባቢው ድርሻ በአብዛኛው በጉልበት፣ በምግብ አቅርቦትና በትራንስፖርት ይወሰናል። የቢራው ዘርፍ ግን ከዚህ ይለያል፤ ብቅል ከውጭ ሲመጣ የውጭ ምንዛሬ ይበላል። በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች የገዛው ሄይንከን «ትራቭለር» እና «ግሬስ» የተባሉ የቢራ ገብስ ዝርያዎችን ለአርሲና ለባሌ ገበሬዎች ያስተዋወቀው፣ የብቅል አምራቾቹ ቡርትማልት በደብረ ብርሃን፣ ሱፍሌት ደግሞ በቦሌ ለሚ የብቅል ፋብሪካ የተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁንና ገዢ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የብቅል ፋብሪካ የሚቀበለው ዝርያው ያልተደባለቀ፣ በወንፊት ሲለካ ፍሬው የሞላ፣ ፕሮቲኑ ያልበዛ፣ የመብቀል አቅሙም ከፍ ያለ ገብስ ሲሆን፣ በወሎ የጊዳንና የመቄት ደጋ ገበሬ በአብዛኛው የሚያመርተው ለበሶ፣ ለቆሎና ለጠላ የሚሆነውን ነው። በቆላማው ሀብሩ ደግሞ የጊራና ሸለቆ ሽንኩርትና የመርሳ ፍራፍሬ የሚሸጡት በነጋዴና በደላላ በኩል በመሆኑ፣ ጥራትን ከዋጋ ጋር የሚያያይዝ ውል ስለማይኖር ገበሬው ምርቱን የሚለይበትና የሚያሻሽልበት ምክንያት ያጣል።

ስለሆነም ከወልድያ ዙሪያ የሚጠበቀው ቀዳሚ ሥራ ፋብሪካ መለመን አይደለም። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው ተስማሚ ዘር እንዲያቀርብ፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ምርት ሰብስበው በደረጃ እንዲለዩ፣ ለኩባንያዎች የሚሰጠው የቀረጥ ማበረታቻም ከአገር ውስጥ ግዢ ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ይገባል። እነዚህ ሳይሟሉ የሚተከል ፋብሪካ ሥራ ይሰጥ ይሆናል እንጂ አቅራቢ አይፈጥርም።