ፋጡማ ሮባ ያልቸኮለችበት ማለዳ

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. በአትላንታ የተካሄደውን የሴቶች ማራቶን ስናነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው መጨረሻውን ነው፦ ፋጡማ ሮባ ብቻዋን ወደ ስታዲየም ስትገባ። እኛ ግን ማንም የማያነሳውን የመጀመሪያውን ሰዓት ልናወራ ፈለግን።

የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው። ከዚያ በፊት ሴት ልጅ ይህን ያህል ርቀት አትችልም ይባል ነበር። አትላንታ አራተኛው ሲሆን እስከዚያ ድረስ ያሸነፈች አፍሪካዊት አልነበረችም። የበቆጂ አካባቢዋ ፋጡማም ብዙ ግምት አልተሰጣትም። ሲጠበቁ የነበሩት የባርሴሎናዋ አሸናፊ ቫለንቲና ዬጎሮቫና ቦስተንን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈችው ጀርመናዊቷ ኡታ ፒፒግ ነበሩ።

ፒፒግ ገና ከጅምሩ ተፈተለከች። ፋጡማ አልተከተለቻትም፤ ከኋላ ካሉት ጋር የራሷን እርምጃ ይዛ ቆየች። ቀላል አይደለም፤ ተፎካካሪ ከዓይን እየራቀች ስትሄድ ዝም ብሎ ማየት ልብ ይጠይቃል። ግን ስሌቱ ትክክል ነበር። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚይዘው ስንቅ የተወሰነ ነው፤ በተለይ እንደ አትላንታ ባለ ወበቅ መጀመሪያ ላይ የባከነው ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ አይገኝም። ግማሹ መንገድ ሊደርስ ሲል ፋጡማ ፊት ወጣች። ፒፒግ አቋርጣ ወጣች። ፋጡማ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገባች፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ሁለተኛዋ ዬጎሮቫ የደረሰችው ድፍን ሁለት ደቂቃ ቆይታ ነው። ከዚያ በኋላ ፋጡማም በተራዋ ቦስተንን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋለች። «ድንገተኛ ድል» ሲባል የማንስማማው ለዚህ ነው።

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግስት አሰፋ በበርሊን የዓለምን ክብረ ወሰን በ2:11:53 ስትሰብር የመጀመሪያውን ግማሽ በ1:06:20፣ ሁለተኛውን በ1:05:33 ሮጠችው። ጫማው ተሻሽሏል፣ ከተማውም ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የኋለኛው ግማሽ የፈጠነው ግን ፊተኛው በልክ ስለተያዘ ነው።

እኛም ቅዳሜ ጠዋት መሮጥ ስንጀምር ሁላችንም እንደ ፒፒግ ነበርን፤ ጥቂት ሮጠን አስፋልት ዳር ቁጭ። አሁን ሰዓት የለንም፣ መለኪያችን ወሬ ነው። እያወራን መሮጥ ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው፤ ያኔ ከመካከላችን አንዷ «ቀስ በሉ እንጂ!» ትላለች።