የአሮጌ መኪና ዕድሜና ማስረጃው

አንድ አሮጌ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ይሠራል ወይ?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «በእርግጥ የተባለው ነው ወይ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን አንድ ጎበዝ መካኒክ በግማሽ ቀን ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው ግን ከመፍቻ ሌላ የታሪክ ዕውቀትንም ይጠይቃል። ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ በኢንተርኔት በሚላክ ፎቶግራፍ ዋጋ በሚቆርጡበት በዛሬው ጊዜ ይህ ዕውቀት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል፤ ፎቶግራፍ ቀለሙን እንጂ ሻንሲውን አያሳይምና።

አውቶሞቢል ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጠረፍ አንሥቶ በረሓውንና ተራራውን አቋርጦ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አደረሰ። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝም ናኬ የሚባለውን መኪና ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመኪናው ቁጥር ያደገው ቀስ በቀስ ነበር። በብዛት የገባው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሣው የባዶሊዮ ጦር ከ1500 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ በመንዝ ጫፍ በሚገኘው በጣርማ በር በኩል ዐለፈ። መንገዱ በኢትዮጵያውያን ፈርሶ ስለ ጠበቀው እስኪጠገን ድረስ መቆም ግድ ሆነበት። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ቆየት ብሎ በተራራው ሥር 587 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ተቦረቦረ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ እንግሊዞች ከጠላት የተማረከውን ተሽከርካሪ ከፊሉን ከአገር አወጡት። የቀረው የፊያትና የላንቺያ ካሚዮን ወደ ንግድ ሥራ ተዛወረ። ከብረቱ ጋር ቃሉም ቀርቷል፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላና ኩሽኔታ የሚሉት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ለአሮጌ መኪና እውነተኛ የመፈተኛ ሜዳ ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ አየር የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ በሜዳ የተደበቀ የኮምፕሬሽን ድካም ዳገቱ ላይ ይጋለጣል። ጢሱንም ለይቶ ማየት ይገባል። ጥቁር ጢስ ብዙ ጊዜ ካርቡሬተሩ ለቆላ አየር ተስተካክሎ በመቅረቱ የሚመጣ ስለ ሆነ በቀላሉ ይታረማል። ሰማያዊ ጢስ ግን ዘይት መቃጠሉን፣ ማለትም ፋሻው ወይም ቫልቩ ማለቁን ያመለክታል። ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደው ከ1500 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት ደግሞ ፍሬኑን ይመረምራል። በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ መንገድ ለዓመታት የሠራ መኪና ታሪኩ የተጻፈው ባሌስትራው ሻንሲውን በሚይዝበት ቦታ ላይ ባለው የብየዳ ጠባሳ ነው።

ቮልስዋገን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ በደጋ ውርጭ የሚረጋ፣ በዳገት የሚፈላ ውሃ የለውም። ዕድሜውን ከኋላ መስተዋቱ ማወቅ ይቻላል፦ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ ሞላላ፣ ከዚያ ወዲህ ሰፊ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ይሁን እንጂ ቦዲ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከኋላ መቀመጫው ሥር በሻንሲው ላይ የተመታውንና ከዲናሞው ሥር በሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ላንድሮቨር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በስቱኮ የተሞላ ላሜራን ለመለየት ማግኔት ማስጠጋት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ስቱኮው በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም። በላንድሮቨር ግን ይህ ፈተና አይሠራም፤ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቦዲው አብዛኛው ክፍል አልሙኒየም በመሆኑ ማግኔት ፈጽሞ አይይዘውም። አልሙኒየሙ ሳይዝግ ሲያብረቀርቅ የብረቱ ሻንሲ ከውስጥ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ፍርዱ ከታች መጀመር አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያከራክረው ጉዳይ፣ ሞተሩ የተለወጠ መኪና እንደ ጥንታዊ ይቈጠር ወይስ አይቈጠር የሚለው ነው። በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ከፋብሪካ እንደ ወጣ የቆየው ይበልጣል። በኢትዮጵያ ግን መለዋወጫ እንደ ልብ ባልተገኘበት ዘመን መኪና በሕይወት የኖረው በጥገና ነው። ቁራጩን ቀርጸው፣ የሌላውን ሞተር አስማምተው ያኖሩት ጋራዦች ሥራ ራሱ የታሪኩ አካል ነው። ነውሩ ጥገናውን መደበቅ ነው። ሦስት መኪና ተገጣጥሞ የተሠራውን «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው» ብሎ መሸጥ ገዢውን ያታልላል፤ የባለሙያውንም ድካም ያጠፋል።

የማታለሉ ፈተናም እየበረታ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከበፊቱ ይበልጥ የሚጎመጅበት ሀብት ሆኗል። በአንጻሩ ፈላጊ ያጣው ተቈራርጦ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል፤ የሻንሲ ቁጥሩም አብሮት ይቀልጣል።

ገማች ሆኖ የሚጠራ የሙያ ባልደረባ በዚህ መካከል ያለበት ኀላፊነት ቀላል አይደለም። የሚሰጠው ወረቀት ዋጋን ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ክፍል ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ የትኛው እንደ ተለወጠና የት እንደ ተበየደ በግልጽ ቢዘረዝር ገዢው የሚገዛውን ዐውቆ ይገዛል፤ ሻጩም ያለ ኀፍረት ይሸጣል። መኪናው አንድ ቀን ቢፈርስ እንኳ ወረቀቱ ይቀራል።