በብሪታኒያ ቤተ መንግሥት የባዕድ አማች ዜግነትና መኖሪያ

ከባዕድ ነገሥታት ቤተሰብ ጋር መጋባት በአውሮፓ የቆየ የፖለቲካ ልማድ ቢሆንም፣ አማች ሆኖ የሚመጣው ሰው የየትኛው አገር ዜጋ እንደሚሆን የሚደነግገው ሕግ ወንድንና ሴትን በእኩል ዓይን አያይም ነበር። በብሪታኒያ ከ1844 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የአገሩን ተወላጅ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ብቻ የዘውዱ ተገዥ ትሆን ነበር፤ ተገዥ የሚባለውም በዘመኑ ሕግ ዛሬ ዜጋ የሚባለው ሰው ነው። በ1863 የዌልስን ልዑል ያገቡት የዴንማርኳ አሌክሳንድራም ሆኑ በ1934 የኬንትን መስፍን ያገቡት የግሪኳ ማሪና የተለየ አዋጅ አላስፈለጋቸውም። ለወንድ ግን ጋብቻ ዜግነት ስለማያስገኝ፣ በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያን ያገቡት ልዑል አልበርት ፓርላማው በስማቸው ልዩ ሕግ እስኪያወጣ ድረስ የውጭ አገር ሰው ነበሩ።

የዚህ ልዩነት ጫና ጎልቶ የሚታየው በልዑል ፊሊፕ ታሪክ ነው። ልዑሉ በ1921 በግሪክ ኮርፉ ደሴት ተወልደው ገና በሕፃንነታቸው አባታቸው ልዑል አንድሪያስ ከአገር እንዲወጡ ስለተፈረደባቸው ቤተሰቡ በፓሪስ አቅራቢያ ተጠጋ፤ ኋላም እናታቸው ሲታመሙና እህቶቻቸው ለጀርመን መሳፍንት ሲዳሩ ልጁ በትምህርት ቤትና በዘመድ ቤት አደገ። በ1939 የብሪታኒያን ባሕር ኃይል የተቀላቀሉት ፊሊፕ ከጦርነቱ በኋላ በመኮንንነት ለመቀጠል ዜግነት ቢያስፈልጋቸውም፣ ግሪክ በእርስ በርስ ጦርነትና በዘውድ ክርክር ትናጥ ስለነበር የለንደን መንግሥት ጉዳዩን አዘገየው። በመጨረሻ የካቲት 1947 ዜግነት ሲሰጣቸው የግሪክ ልዑልነት ማዕረጋቸውን ትተው ማውንትባተን የሚለውን የእናታቸውን ቤተሰብ ስም ያዙ፤ በዚያው ዓመት ከኦርቶዶክስ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ገብተው በኅዳር ወር ልዕልት ኤልሳቤጥን አገቡ።

ይሁንና ዜግነት ለማግኘት የተደረገው ይህ ሁሉ ድካም በሕግ ፊት አላስፈላጊ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ ዙፋኑ ከፕሮቴስታንት ወራሾች እንዳይወጣ ሲል በ1705 ባወጣው ሕግ የዙፋኑ ወራሽ የሃኖቨሯ ሶፊያ ካቶሊክ ያልሆኑ ተወላጆች ሁሉ፣ ወደፊት የሚወለዱትም ጭምር፣ የእንግሊዝ ተገዥዎች እንደሚሆኑ ደንግጎ ነበር። ሕጉ በ1948 ቢሻርም፣ የሎርዶች ምክር ቤት በ1956 አንድ የሃኖቨር ልዑል ባቀረቡት ክስ ላይ፣ ከመሻሩ በፊት የተወለዱት የሶፊያ ዘሮች መብታቸው እንደጸና ወሰነ። ፊሊፕም በንግሥት ቪክቶሪያ በኩል ከሶፊያ ስለሚወለዱ በዚህ ውሳኔ መሠረት ከልደታቸው ጀምሮ ብሪታኒያዊ ነበሩ ማለት ነው።

የመኖሪያውና የቤተሰቡ ጉዳይ ደግሞ ከዜግነቱ ይልቅ ጥልቅ ኀዘን ያለበት ነው። በሕይወት የነበሩት ሦስት እህቶቻቸው ለጀርመኖች የተዳሩ በመሆናቸው ወደ ሠርጉ አልተጠሩም፤ በጦርነቱ ማግስት የነበረው የሕዝብ ስሜት ውሳኔውን ቢያስረዳውም ለአንድ ወንድም ከባድ ዋጋ ነበር። ባልና ሚስቱ በ1949 በክላረንስ ሃውስ ጎጆ ወጡ፤ ኤልሳቤጥ በ1952 ሲነግሡም እዚያው መቆየት ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን የቸርችል መንግሥት ንግሥቲቱ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት እንዲቀመጡ አጥብቆ ስለጠየቀ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ልጆቻቸው ዊንዘር በሚለው የንግሥቲቱ ቤተሰብ ስም እንዲጠሩ ታወጀ፤ የአባትየው ስም ተጣምሮ እንዲገባ የተፈቀደው በ1960 ሲሆን እርሱም ለተወሰኑ ተወላጆች ብቻ ነበር። የፊሊፕ እናት ልዕልት አሊስ ግን በ1967 በግሪክ ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ከተካሄደ በኋላ ወደ ባኪንግሃም ገብተው በ1969 እስኪያርፉ ድረስ ከልጃቸው ጋር ኖሩ።

የብሪታኒያ ሕግ የውጭ አገር ተወላጅ የሆኑ ባልና ሚስትን በዜግነት ጥያቄ እኩል ያደረገው የ1981 አዋጅ በ1983 ሥራ ላይ ሲውል ነው።